ብሮይለር ክትባት፦ ፈንግልና ጉምቦሮ በስንት ቀን? በአይን ነው በውሃ? (ባሕር ዳርና አካባቢው)

የዘንዘልማ_ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዘንዘልማ በኩል ኮብ 500 የሚባለውን ብሮይለር (የሥጋ ዶሮ) 300 ጫጩት ላስገባ ነው። ጫጩቶቹ ኅዳር 12 አካባቢ ከቢሾፍቱ ይነሳሉ ተብያለሁ። ለገና የሚወስዱኝ ሆቴሎች አሉ፣ የቀረውን ለጥምቀት እሸጣለሁ ብዬ ነው። ቤቱ አልቋል፣ ሰጋቱራው ተነጥፏል፣ ማሞቂያውም ተሞክሯል። የቸገረኝ ክትባቱ ነው። አንዱ በ1ኛው ቀን ስጥ ይለኛል፣ አንዱ በ7ኛው፣ ሌላው ደግሞ «ብሮይለር 45 ቀን ለሚቆይ ምን ያደርግለታል፣ ብርህን አታባክን» ይለኛል። ሻጩ የሰጠኝ ወረቀት የእንቁላል ዶሮ ነው መሰለኝ፣ እስከ 16ኛ ሳምንት ይሄዳል። እባካችሁ ብሮይለር ያረባችሁ፣ ምን ምን ትሰጣላችሁ? በስንት ቀን? በአይን ነው በውሃ? መብራቱንም ታውቁታላችሁ፣ መድኃኒቱን የት ላስቀምጠው?

ሽምብጥ_እርባታ
ወንድሜ «ምን ያደርግለታል» ያለህን ሰው እንዳትሰማው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ አይታመምም ያለው ማነው? ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ በደንብ የሚይዘው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያለውን ዶሮ ነው። መኖውን በልቶ በልቶ ሊሸጥ ሲል ማለት ነው። ፈንግል ደግሞ ዕድሜ አይመርጥም። ያልተከተበ ቤት ከገባ ጠራርጎ ሊወስደው ይችላል።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። በ7ኛው ቀን ኤች ቢ ዋን የሚባለውን የፈንግል ክትባት በአይን ጠብታ። በ14ኛው ጉምቦሮ በውሃ፣ በ21ኛው ጉምቦሮ ድጋሚ። በ28ኛው ላሶታ፣ እሱም የፈንግል ነው፣ በውሃ። አለቀ። የማሬክ በሽታ ክትባት የሚሉህ በዋናነት ለእንቁላል ዶሮ ነው፣ በ45 ቀን ለሚታረድ ብዙም አያሳስብህ።

ጫጩት ስትረከብ ግን ጠይቅ፦ መፈልፈያው ላይ የተሰጠ ክትባት አለ ወይ? በ1ኛው ቀን ሰጥተው የሚልኩ አሉ። የክትባቱን ስምና ቀኑን በጽሑፍ ተቀበል። «ተከትቧል» የሚል የቃል ወሬ አይበቃህም።

የሐሙሲት_አርቢ
እኔ በክትባት ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እውነቱን ልንገርህ። ባለፈው ግንቦት ጉምቦሮውንም ላሶታውንም ሰጥቻለሁ። በአምስተኛው ሳምንት አረንጓዴ ያስቀምጣቸው ጀመር፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ አንዳንዶቹ አንገታቸው ዞረ። ኦክሲ የሚባለውን አንቲባዮቲክ በውሃ ሰጠሁ፣ ቫይታሚን ሰጠሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጨምቄ አጠጣሁ፣ አረቄም ጠብ አደረግኩላቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ባዶ ሆነ። ጎረቤቴ ግን ምንም ሳይከትብ ሸጦ ጨረሰ። ታዲያ ክትባቱ ምን ሠራልኝ? የደከምኩበትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@የሐሙሲት_አርቢ በጣም ያሳዝናል። የጻፍከው ምልክት የፈንግል ነው የሚመስለው፣ ሬሳ ተከፍቶ ወይም ናሙና ታይቶ ካልሆነ ግን በርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ኦክሲ ባክቴሪያ ላይ እንጂ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ሽንኩርቱም አረቄውም እንደዚያው። ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ለዚህ ነው ቀድሞ መከላከሉ ላይ ሙጭጭ የምንለው።

አሁን ልጠይቅህ። ብልቃጡን ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ሐሙሲት በምን ይዘኸው ሄድክ? የበጠበጥክበት ውሃ ከየት ነው? የውሃ መጠጫዎቹን በምን ነበር የምታጥባቸው? ዶሮዎቹ ጠጥተው የጨረሱትስ በስንት ሰዓት ነው?

የምጠይቅህ ለምን መሰለህ፣ እነዚህ ክትባቶች ሕይወት ያላቸው፣ የተዳከሙ ቫይረሶች ናቸው። ዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ገብተው ካልተባዙ ምንም አይሠሩም። መንገድ ላይ ወይ ባልዲ ውስጥ ከሞቱ የሰጠኸው ውሃ ብቻ ነው። ብልቃጥ መግዛትና ዶሮ መከተብ ለየብቻ ናቸው፣ እኔ ከምጠራባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ገዝተዋል፣ ዶሮዎቹ ግን አልተከተቡም።

የሐሙሲት_አርቢ
@ሐኪሙ_አባይ_ማዶ ዶክተር ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። መድኃኒት ቤቱ በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ፣ በረዶ የለውም፣ ያዝ በረዶ ያለኝም የለም። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ጠበቅኩ፣ ፀሐዩ የግንቦት ነው። ውሃው የቧንቧ ነው። መጠጫውን በበረኪና ነው የምናጥበው፣ ንጽሕና ነው ብለን። ጠዋት የሰጠናቸው እስከ ከሰዓት ነበር። ይሄን አንድም ሰው አልነገረኝም።

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
አየህ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ነገር በግንቦት ሙቀት በፌስታል ተጓዘ። ክሎሪንና በረኪና ደግሞ የተሠሩት ቫይረስ እንዲገድሉ ነው፣ ክትባቱንም አይምሩትም። አንዴ የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዋጋ የለውም። ያንተ ዶሮዎች ከቁጥር የማይገባ ክትባት ነው ያገኙት።

ጎረቤትህ ደግሞ ዕድል ገጥሞታል። ቫይረሱ እሱ ቤት አልደረሰም።

ጉምቦሮው ካልሠራ ሌላም ጣጣ አለው። ጉምቦሮ የሚያጠቃው ቡርሳን ነው፣ ከፊንጢጣቸው በላይ ያለች ትንሽ ከረጢት ናት። የጫጩት መከላከያ ሕዋሶች የሚያድጉት እዚያ ነው። እሷ በልጅነታቸው ከተጎዳች በኋላ የምትሰጣቸው ላሶታ በደንብ አይይዝም። ሳይታወቅ ቀለል ያለ ጉምቦሮ አልፎ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፈንግል ሲመጣ «የላሶታው ክትባት ውሸት ነው» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

የዘንዘልማ_ልጅ
ይሄ ሁሉ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዶክተር፣ እንግዲያው የቧንቧውን ትቼ የጣናን ውሃ ባመጣስ? ክሎሪን የለውም። አጎቴ ሐይቁ ዳር ጀልባ አለው፣ በጄሪካን ያመጣልኛል።

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@የዘንዘልማ_ልጅ በፍጹም! ያ ዳርቻ ላይ ዳክዬው፣ ይብራው፣ ሌላውም የውሃ ወፍ ውሎ የሚያድርበት ነው። የውሃ ወፎች የፈንግል ቫይረስ ዓይነቶችንም የወፍ ጉንፋን ቫይረስንም ምንም ሳይታመሙ ተሸክመው በኩሳቸው ሊጥሉ ይችላሉ። ከክሎሪን ሸሽተህ በሽታውን በጄሪካን ቤትህ እንዳታስገባ። ለክትባት ብቻ አይደለም፣ ለሁልጊዜም የሐይቅ ውሃ ሳይታከም ለዶሮ አትስጥ። የቧንቧው ይሁን፣ ክሎሪኑን በወተት ዱቄት ማብረድ ይቻላል። አሠራሩን እዚህ ያሉት አርቢዎች ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

የመሸንቲዋ
እኔ ልንገርህ ወንድሜ፣ ብዙ ዙር ያወጣሁበት ስለሆነ።

ከክትባቱ አንድ ቀን በፊት ጀምረህ በረኪናም፣ ውሃ ማከሚያም፣ አንቲባዮቲክም ውሃው ውስጥ አታስገባ። መጠጫውን በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠብ። በዋዜማው ጠዋት ዶሮዎቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት ሊትር እንደሚጠጡ ለካ፣ በማግስቱ የምትበጠብጠው ያንኑ ያህል ነው። በግምት ከሆነ ሰው የሚለው ለ1000 ዶሮ የዕድሜያቸውን ቀን ያህል ሊትር ነው፣ በ14 ቀን 14 ሊትር፣ ላንተ 300 ከ4 ሊትር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው፣ ግን ባሕር ዳር ሲሞቅ ከዚያ በላይ ይጠጣሉ፣ ስለዚህ ለክተህ ብታውቀው ይሻላል።

የክትባቱ ዕለት በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይጠነክር። ውሃ አንሳባቸው፣ ብርድ ከሆነ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ሙቀት ከሆነ ከአንድ ሰዓት አታሳልፍ፣ ይጎዳሉ። የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት በሊትር 2.5 ግራም ጨምረህ አማስል። ለ5 ሊትር አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ሩብ ሰዓት ይቆይ። ብልቃጡን ባልዲው ውሃ ውስጥ አጥልቀህ ክፈተው፣ ብልቃጡንም ክዳኑንም እዚያው እጠበው። የብረት ዕቃ አትጠቀም።

መጠጫው እንዳያንስህ! እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጠጫ ካነሰ ጉልበተኞቹ ሁለቴ ይጠጣሉ፣ ደካሞቹ ጥግ ይዘው ይቀራሉ። ቢያንስ አብዛኞቹ በአንዴ መጠጣት እንዲችሉ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋስ፣ ግን አጥበህ አስገባ። ካስቀመጥክ በኋላ ጥለህ አትሂድ። ውስጥ ውስጡን ቀስ እያልክ ዙር፣ የተኙትን አስነሳ።

ሽምብጥ_እርባታ
የመሸንቲዋ እንዳለችው ነው፣ ትክክል። እኔ የመጀመሪያውን በአይን የምሰጠው ግን 300 ጫጩት በአይን ለመስጠት ሁለት ሰው ካለህ ግማሽ ቀን አይፈጅምና ነው። እያንዳንዷ እንደደረሳት በአይንህ ታያለህ። ጠብታው ሲገባ ወዲያው አትልቀቃት፣ ዓይኗን ጨፍና እስክትከፍት ጠብቅ፣ ካልሆነ አራግፋው ትሄዳለች። ብልቃጡን በጨርቅ ያዘው፣ የእጅ ሙቀትም ያሞቀዋል።

ወተት ዱቄቱ ሱፐርማርኬት አለ፣ የሕፃናቱን እንዳትገዛ።

ቀበሌ14_ነባር
ልጆች፣ እኔ በ14 ቀን ጉምቦሮ በሚለው አልስማማም። እኔ በ7ኛው ቀን ነው የምሰጠው፣ ከዚያ በ18። ዶሮ ስጀምር ጉምቦሮ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፣ ፈንግልን ብቻ ነበር የምንፈራው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ2002 እ.ኤ.አ. ደብረ ዘይት እርባታ ላይ ነው ይባላል፣ ከዚያ ወዲህ የደረሰብን ደርሶብናል። እስከ 14 ቀን መጠበቅ ቤቱን ክፍት አድርጎ እንደማደር ነው።

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@ቀበሌ14_ነባር ጋሼ፣ የእርስዎ ልምድ ቀላል አይደለም፣ 2002ቱም ትክክል ነው። ግን ቀኑን የሚወስነው የእናቲቱ ዶሮ ነገር ነው። እናቲቱ ከተከተበች ጫጩቷ መከላከያውን በአስኳሉ በኩል ትወርሳለች። ያ መከላከያ ብሮይለር ላይ ከ3 እስከ 4 ቀን በሚሆን ጊዜ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በ7ኛው ቀን ገና ጠንካራ ከሆነ የሰጡትን ክትባት ራሱ ያጠፋዋል። በጣም ካዘገዩት ደግሞ የእናትየው አልቆ የክትባቱ ሳይያዝ የሚገባ ክፍተት አለ፣ በሽታው የሚጠብቀው እሱን ነው። 300 ጫጩት ከአንድ እናት አልመጣም፣ የአንዷ ቶሎ ያልቃል የአንዷ ይቆያል። ሁለት ጊዜ የምንሰጠውም ለዚህ ነው። ደም ወስዶ መለካት ለትልልቅ እርባታ ይቻላል፣ ለ300 ዶሮ ግን ማንም አያደርገውም።

ስለዚህ እናቶቹ በደንብ የተከተቡ ከሆነ በ14 እና በ21። የእናቶቹ ክትባት የማይታወቅ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት እዚያው ቤት ጉምቦሮ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ የእርስዎ ቀደም ማድረግ ምክንያት አለው። የክትባቱም ዓይነት ይለያያል፣ መካከለኛ አለ፣ ጠንከር ያለ አለ። ጠንካራው የእናትን መከላከያ ሰብሮ መግባት ይችላል፣ ግን ቡርሳዋንም ይነካል። በሽታ ያላየ አዲስ ቤት ላይ ጠንካራውን አልመክርም።

ቀበሌ14_ነባር
@ሐኪሙ_አባይ_ማዶ እሺ ልጄ፣ ገባኝ። የእኔ ቤት ገብቶበት ያውቃል፣ ለዚያም ነው ቀኑን የማስቀድመው። ለዚህ ልጅ ቤት ግን አዲስ ስለሆነ 14ቱ ይሁንለት። አንድ ግን ልጨምር፣ የዘንዘልማው ልጅ፣ ከዙር ወደ ዙር አሮጌውን ሰጋቱራ ጠርገህ አውጣ። ጉምቦሮ ባዶ ቤት ውስጥ እስከ 4 ወር ይቆያል። ኩስ ላይ ኖራ ቢበተን ምንም አይጠቅምም፣ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ነው ማጽጃ የሚረጨው።

ዳግማዊ_ምኒልክ_ሠፈር
ሰላም፣ እኔም 200 አስገብቻለሁ፣ እንደ እናንተው ኅዳር ላይ። የዘንዘልማው፣ ባለ 500 ዶዝ ብልቃጥ ለሁለታችን ብንካፈል አይሻልም? አንተ በጥብጠህ ግማሹን በሃይላንድ ትልክልኛለህ፣ በባጃጅ እቀበልሃለሁ።

የመሸንቲዋ
@ዳግማዊ_ምኒልክ_ሠፈር ይቅርብህ። የተበጠበጠ ክትባት በባጃጅ ዘንዘልማ ደርሶ እስኪመጣ ሰዓቱ አለቀ። ደግሞ ካንተ ቤት ወደሱ ቤት ሰውም ዕቃም መመላለሱ በሽታ ማዘዋወር ነው። የተረፈውን ብትደፋው የአንድ ኪሎ ዶሮ ዋጋ አያወጣም። በሌላ ነገር ተካፈሉ፣ መድኃኒት ቤት አብራችሁ ሄዳችሁ የየራሳችሁን ብልቃጥ በአንድ አይስ ቦክስ አምጡ።

የዘንዘልማ_ልጅ
መብራት ስለሚጠፋ ነው የእኔ ፍርሃት። ፍሪጅ አለኝ፣ ግን ቀኑን ሙሉ የሚጠፋበት አለ።

ሽምብጥ_እርባታ
@የዘንዘልማ_ልጅ ቀድመህ ገዝተህ ለምን ታስቀምጣለህ? በዋዜማው ወይም በዕለቱ ማለዳ ግዛ። ከመግዛትህ በፊት የእነሱን ፍሪጅ ተመልከት፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ ብለህ ጠይቅ፣ ጄኔሬተር ከሌላቸው ሌላ ቤት ሂድ። የሚያበቃበትን ቀን አንብብ። አይስ ቦክስና የቀዘቀዘ ውሃ የሞላባቸው ፕላስቲኮች ይዘህ ሂድ። ቤት ስትደርስ ፍሪጁ በር ላይ ሳይሆን መሃል መደርደሪያ አስቀምጥ፣ ከሥጋና ከወተት ጋር ደግሞ እንዳትደባልቀው። ቤት ካደረ መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈት።

ሼፍ_ከጣና_ዳር
እኔ አርቢ አይደለሁም፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ብሮይለር በብዛት እንገዛለን፣ ለወጥ የሚፈለገው የሐበሻው ነው፣ ለጥብስና ለሮስት ግን የናንተው ነው። እንግዶች አንዳንዴ «መርፌ የተወጋ ዶሮ ነው ወይ» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@ሼፍ_ከጣና_ዳር ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ የተጠቀሱት የአይን ጠብታና የውሃ ናቸው፣ መርፌ አይደሉም። ክትባት ሆርሞን አይደለም፣ ዶሮውን አያሳብጥም። ብሮይለር ቶሎ የሚያድገው በዘሩና በመኖው ነው። ከሻጩ መጠየቅ ያለብህ ስለ አንቲባዮቲክ ነው። መቼ ነው የተሰጠው? ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን አልፏል ወይ? የክትባቱም ቢሆን ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ይከበራል፣ በ28ኛው ቀን የተሰጠ ላሶታ ለ45 ቀኑ በቂ ጊዜ አለው። የተከተበ ዶሮ የሚገዛ ሆቴል ይበዛልን፣ አርቢው ኦክሲ እየደፋ ከሚያሳድገው ይሄ ይሻላል።

የሐሙሲት_አርቢ
ዶክተር፣ አንድ ልጠይቅ። ግንቦት ላይ ለምን ይበዛል? በእኛ አካባቢ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው ሁሌ የሚጀምረው፣ መጀመሪያ የሰፈሩን የሐበሻ ዶሮ ይጨርሳል፣ ቀጥሎ ወደኛ።

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@የሐሙሲት_አርቢ ያስተዋልከው ልክ ነው፣ ብዙ አካባቢ የክረምቱ መግቢያ ላይ ይብሳል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ዶሮ በየገበያው ይንቀሳቀሳል፣ የታመመውም ቶሎ ይሸጥ ተብሎ ይወጣል፣ ገበያ ላይ አድሮ ሳይሸጥ ወደ መንደር ይመለሳል። ቅዳሜ ገበያ ውለህ የመጣህበትን ጫማ ዶሮ ቤት ይዘህ አትግባ። በር ላይ የእግር መንከሪያ አድርግ፣ ለዶሮ ቤቱ የራሱ ቦቲ ይኑረው።

የግቢህ የሐበሻ ዶሮዎች ካሉ እነሱንም ክተብ። ሙቀት የሚቋቋም አይ-2 የሚባል የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ለገጠር ቤት የታሰበ ነው፣ አንድ ጠብታ በአይን፣ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። ያለ ፍሪጅ ለተወሰነ ቀን ይቆያል፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት ማለት ግን አይደለም። እናትህ ጓሮ ያሉትን አምስት ዶሮዎች ከረሳህ ለብሮይለሩ የደከምክበት ከዚያው ሊመጣብህ ይችላል።

የዘንዘልማ_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እናቴ ጓሮ በእውነት የሐበሻ ዶሮ አላት 😊 እነሱንም እከትባለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ላሶታ ከሰጠሁ በኋላ ቢያስነጥሳቸው ምን ላድርግ? ሲሞትብኝስ የት ነው የማሳየው?

ሐኪሙ_አባይ_ማዶ
@የዘንዘልማ_ልጅ ከላሶታ በኋላ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ጥቂት ማስነጠስ ሊመጣ ይችላል፣ ክትባቱ እየያዘ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። እየባሰ ከሄደ፣ መብላት ካቆሙ ወይም ከሞቱ ግን ሌላ ነገር አለ። ሲታመሙ ደግሞ አትከትብ፣ ከትበህ አታባብስ። አንተም ተጠንቀቅ፣ የፈንግል ክትባት የሰው ዓይን ውስጥ ከገባ ያቀላል፣ ያስለቅሳል። መነጽር አድርግ፣ እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትሽ።

ሞት ሲበዛ ቶሎ የሞተ አንድ ሁለት ዶሮ በሁለት ፌስታል ደራርበህ፣ በበረዶ አይስ ቦክስ ውስጥ አድርገህ ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውሰድ። እንዳይበሰብስ ቶሎ መሆን አለበት፣ ወደ ፍሪዘር ግን አታስገባው። ገበያ አውጥተህ አትሽጥ፣ ወንዝ ውስጥም አትጣል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበር። የከተብክበትን ቀን፣ የብልቃጡን ቁጥርና የሞተውን ብዛት በደብተር ጻፍ፣ እነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያንን ነው።

የሐሙሲት_አርቢ
@የመሸንቲዋ እህቴ፣ ለጥር ድጋሚ ላስገባ ነው። መጠጫ የምታውሺኝ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቤ እመልሳለሁ። በረኪና የለም!